የማይመለስ ዝላይ

የጃፓኑ ካፕኮም ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1985 ለሕዝብ መጫወቻ አዳራሾች ያቀረበውና ቶኩሮ ፉጂዋራ የነደፈው «ጎስትስ ኤንድ ጎብሊንስ» በአስቸጋሪነታቸው ስማቸው ከሚነሣ የቪዲዮ ጨዋታዎች አንዱ ነው። አርተር የተባለው ጦረኛ አጋንንት የነጠቁትን ልዕልት ለማስመለስ በመቃብር ስፍራ አቋርጦ ይገሰግሳል። በመጀመሪያው ምት ጥሩሩ ረግፎ በውስጥ ሱሪ ይቀራል፤ በሁለተኛው አጥንት ብቻ ይሆናል።

የጨዋታው ጭካኔ ከጠላቶቹ ብዛት ይልቅ በዝላዩ ይገለጻል። አርተር አንዴ ከመሬት ከተነሣ በአየር ላይ አቅጣጫውን መለወጥ አይችልም፤ «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» እንዲሉ ነው። ሙታን ከእግሩ ሥር ድንገት ቢፈልቁም፣ ተጫዋቹ ውሎ አድሮ ከመዝለል በፊት ማሰብን ይማራል። ሽንፈቱ ያበሳጨዋል፤ ግን ያስተምረዋል።

ይህ መተማመን የሚፈርሰው በፍጻሜው ነው። የመጨረሻው ጠላት ሲወድቅ፣ ያለፈው ሁሉ የሰይጣን ማታለያ እንደነበረ ተነግሮ ጉዞው ከመነሻው እንዲደገም ይታዘዛል። ጦረኛን በውስጥ ሱሪ ያስሮጠ ሥራ በፌዝ ቢደመደም ያምርበታል የሚል ተከራካሪ አይጠፋም። ነገር ግን የፊተኛው ፌዝ የሚያስከፍለው ጥሩር ነው፤ የኋለኛው የሰዓታት ድካም። በሳንቲም ለሚሠራ መሣሪያ ድግግሞሹ ገቢ ያስገኛል፤ ለድርሰቱ ግን ጉድለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው «ሴለስት» ሞትን እጅግ ቢያበዛም፣ የወደቀውን ተጫዋች ወዲያው ወደዚያው መሰናክል መግቢያ ይመልሰዋል፤ ያለፈውን አይነጥቀውም። ጨዋታ ብርቱ ድካም ቢጠይቅ አይነቀፍም፤ ደካሚውን ደመወዙን ሲከለክለው ግን ይነቀፋል።