የአንቀጹ ባለቤት ማን ነው? ለካቶሊክ ወጣቶች የሜሮን ትምህርት ስለሚመረጡ መጻሕፍት

በቅኔ ቤት ያደገ ሰው አንድ ድርሰት በፊቱ በቀረበ ጊዜ አስቀድሞ የሚመረምረው የቃሉን ማማር አይደለም። አንቀጹ የት ነው? የአንቀጹስ ባለቤት ማን ነው? ብሎ ይጠይቃል። ባለቤቱ የጠፋበት ቅኔ ዜማው ቢያምር ቤቱም ቢመታ መምህሩ አይቀበለውም። ይህ ጥያቄ ለቅኔ ብቻ ሳይሆን ለሃይማኖት ማስተማሪያ መጽሐፍም ሚዛን ሊሆን እንዲችል ለማሳየት፥ በአሜሪካ ያሉ የላቲን ሥርዓት ካቶሊኮች ወጣቶቻቸውን ለምሥጢረ ሜሮን የሚያዘጋጁባቸውን መጻሕፍት በዚህ ጽሑፍ እንመረምራለን። ነገሩ የሌላ ቤት ጉዳይ ቢመስልም እኛን የሚነካበት ስፍራ አለ፤ እርሱንም በተራው እንገልጻለን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ውሃን ከጥሩ፥ ነገርን ከሥሩ እንዲሉ፥ አስቀድመን ሜሮን በምዕራባውያን ዘንድ ስለ ምን ወደ ወጣትነት እንደ ዘገየ እንይ። በጥንት ዘመን ጥምቀትና የሜሮን ቅባት በአንድነት ይፈጸሙ ነበር። የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ጳጳስ በባረከው ሜሮን ቄሱ እንዲቀባ ስለ ፈቀዱ ሁለቱ ምሥጢራት ሳይለያዩ ኖሩ፤ በእኛም ዘንድ ወንድ በ40፥ ሴት በ80 ቀን ሲጠመቁ በዚያው ሰዓት ይቀባሉ። ምዕራባውያን ግን ቅባቱን ለጳጳሱ ለይተው ስላቆዩት፥ ሀገረ ስብከቱ በሰፋ መጠን የጳጳሱን መምጣት መጠበቅ ግድ ሆነ። ኋላም በ1910 ፒዮስ 10ኛ ልጆች በ7 ዓመት ገደማ ቅዱስ ቍርባንን እንዲቀበሉ በደነገጉ ጊዜ፥ ሜሮን በብዙ ስፍራ ከቍርባን በኋላ የሚሰጥ ሆነ። በአሜሪካም ጳጳሳቱ ከ2002 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋሉት ድንጋጌ፥ ልጁ ነፍስ ካወቀበት ዕድሜ አንሥቶ እስከ 16 ዓመት ገደማ ባለው ጊዜ ውስጥ እንዲሰጥ ተወስኗል።

ልማድ ሲቆይ ምክንያት አይታጣለትም። ዕድሜው ከዘገየ በኋላ፥ ሜሮን የጉልምስና ምሥጢር ነው፤ በሕፃንነቱ ወላጆቹ የመረጡለትን እምነት ዛሬ ወጣቱ ራሱ ያጸድቀዋል የሚል አሳብ በብዙዎች አፍ ተለመደ። ይሁን እንጂ በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ ይህን አሳብ ይገሥጻል፤ የእምነት ጉልምስና ከሥጋ ዕድሜ ጋር መምታታት እንደሌለበት፥ የጥምቀትም ጸጋ እንዲሠራ የሰው ማጽደቂያ እንደማያስፈልገው ያስተምራል። ወጣቱ የሰማው አሳብ ያ የቀደመው ከሆነ ግን ፍሬው ምን እንደ ሆነ የካቶሊክ መምህራን ራሳቸው እያዘኑ ይናገራሉ፤ ትምህርቱን የጨረሰ ተማሪ ደብተሩን ዘግቶ እንደሚሄድ፥ የተቀባውም ወጣት ከቤተ ክርስቲያን ተሰናብቶ ይሄዳል።

እንግዲህ ወደ ሰዋስው እንመለስ። የላቲኖቹ ቃል ኮንፊርማሲዮ ነው፤ ትርጓሜውም ማጽናት ማለት ነው። በግእዝ ጸንዐ ሲል ባለቤቱ ራሱ ይጸናል፤ አጽንዐ ሲል ግን ሌላውን ያጸናል። ስለዚህ ማጽናት የሚለው ቃል አጽኚና የሚጸና ሁለት ወገን ይሻል። ጳውሎስ 6ኛ በ1971 ሥርዓቱን ባሻሻሉ ጊዜ ከጥንቱ የምሥራቅ ሥርዓት የወሰዱት የቅባት ቃል፥ ወጣቱ የመንፈስ ቅዱስን ስጦታ ማኅተም እንዲቀበል የሚያዝዝ ነው። ወጣቱ ከዚያ አስቀድሞ የጥምቀቱን ቃል ኪዳን ያድሳል፤ ግንባሩ ሲቀባ ግን መልሱ አሜን ነው። ባለቤቱ መንፈስ ቅዱስ፥ ተሳቢው ልጁ እንደ ሆነ ከዚህ ይታወቃል። ወጣቱ እምነቱን ያጸናል የሚል መጽሐፍ ተሳቢውን ባለቤት አድርጎታል። ይህም የቃል ጨዋታ አይደለም፤ በራሱ ውሳኔ የቆመ መስሎት የነበረ ወጣት ውሳኔው የላላ ዕለት ማኅተሙም የተፋቀ ይመስለዋልና።

በዚህ ሚዛን ከመጻሕፍቱ ጥቂቶቹን እንመዝን። ቀዳሚው በ1884 የተሰበሰበው 3ኛው የባልቲሞር ጉባኤ አዝዞ በ1885 የታተመው የባልቲሞር ትምህርተ ክርስቶስ ነው። ይህ በጥያቄና በመልስ የተሠራ መጽሐፍ ለብዙ ዘመን የአሜሪካ ካቶሊክ ልጆች በቃላቸው ያጠኑት ነው። ስለ ሜሮን ሲናገር መንፈስ ቅዱስን ከመቀበል ይጀምራል፤ ወጣቱ የክርስቶስ ወታደር መሆኑንም ከዚያ ያወጣዋል። ባለቤቱን አልሳተም። በቃል ማጥናትም የሚናቅ አይደለም፤ በልጅነት በቃል የተያዘ ነገር በችግር ቀን መጽሐፍ ሳይፈለግ ይገኛል። ዳሩ ግን ንባብ ያለ ትርጓሜ ምን እንደሚሆን እኛ እናውቃለን። ስለ ምን ብሎ ለሚጠይቅ የዛሬ ወጣት አጭር መልስ ብቻ ሰጥቶ ማለፍ፥ አፉን ዘግቶ ልቡን ክፍት መተው ነው።

ከዚያ በኋላ የመጡት መጻሕፍት የወጣቱን ጥያቄ ለመስማት ደከሙ፤ በመስማታቸውም ተመሰገኑ። ነገር ግን አሜሪካውያን ጳጳሳት መጻሕፍቱን ከ1992ቱ ትምህርተ ክርስቶስ ጋር የሚያስተያይ ጉባኤ ካቆሙ በኋላ፥ ሰብሳቢው የኢንዲያናፖሊስ ሊቀ ጳጳሳት ዳንኤል ቢዩክላይን በ1997 በብዙዎቹ ዘንድ የተገኘውን 10 ጕድለት ዘርዝረው አቀረቡ። ከዐሥሩም አንዱ የሰውን ሥራ አብዝቶ የእግዚአብሔርን ቀዳሚነት ማሳነስ ነው። ሊቀ ጳጳሳቱ ቅኔ ቤት አልገቡም፤ ያገኙት ግን ባለቤቱ የጠፋበትን አንቀጽ ነው። ከዚያ ወዲህ ጳጳሳቱ ከትምህርቱ ጋር የተስማሙትን መጻሕፍት በዝርዝር ሲያስታውቁ ቆይተዋል። ለመራጩ ይህ ዝርዝር መነሻ ነው እንጂ መድረሻ አይደለም፤ መጽሐፉ ስሕተት የለበትም ማለት ለዚህ ልጅ ይበጃል ማለት አይደለምና።

በ2011 የወጣው ዩካት 527 ጥያቄና መልስ የያዘ፥ በነዲክቶስ 16ኛ መቅድም የጻፉለት የወጣቶች ትምህርተ ክርስቶስ ነው። የባልቲሞርን አካሄድ ይዞ ትርጓሜ ጨመረበት፤ በየገጹም ጠርዝ የቅዱሳንንና የሊቃውንትን ቃል አሰፈረ። ባለቤቱንም ጠብቋል። ብቻውን በአንድ ዓመት ውስጥ ከዳር እስከ ዳር ይነበብ ቢባል ግን ለ15 ዓመት ልጅ ብዙ ነው፤ መምህሩ መርጦ ቢያነብለት ይሻላል።

በ2014 ደግሞ በፊልም የሚያስተምሩ ሁለት ሥራዎች ወጡ። የመጀመሪያው ቾዝን ይባላል፤ የተመረጠ ማለት ነው፤ 24 ትምህርት አለው። ሁለተኛው ማቴው ኬሊ ያዘጋጀው ዲሲዥን ፖይንት ነው፤ የውሳኔ ሰዓት እንደ ማለት ነው፤ በ12 ክፍል 72 አጫጭር ፊልሞች ይዟል። ሁለቱም የሰለቸ ወጣት ምን እንደሚመስል ያውቃሉ፤ ይህም ቀላል ዕውቀት አይደለም። ነገር ግን ስማቸውን ብቻ አስተያዩ። የተመረጠ ሲል መራጩ ሌላ ነው፤ ውሳኔ ሲል ወሳኙ ልጁ ነው። የዲሲዥን ፖይንት ደራሲ ስለ መንፈስ ቅዱስም ያስተምራል፤ ቢሆንም በመጻሕፍቱ ደጋግሞ የሚመክረው ሰው ከራሱ የተሻለውን ራሱን እንዲሆን ነው። ምክሩ መልካም ነው፤ ዳሩ ግን ይህን ምክር አሕዛብ የሆነ ጠቢብም ሊሰጠው ይችላል። የፊልም ነገር ሌላም አደጋ አለው፤ መምህሩ መብራት አጥፍቶ ከተማሪዎቹ ጋር ተመልካች ሆኖ ይቀመጣል፤ ልጁም የሚጸልይ ሰው በዓይኑ ሳያይ ዓመቱ ያልቃል።

አንባቢ ሆይ፥ ነገሩ እኛን የሚነካበት ስፍራ እነሆ። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ሄደው በአሜሪካ የሚኖሩ የግእዝ ሥርዓት ካቶሊኮች አሉ። በ1990 የወጣው የምሥራቅ ካቶሊኮች ሕግ ሜሮን ከጥምቀት ጋር እንዲሰጥ ያዝዛል። እንግዲህ በሕፃንነቱ የተቀባ ልጅ በላቲኖች ቁምስና አድጎ፥ እኩዮቹ በ15 ዓመታቸው ለቅባት ሲዘጋጁ ከእነርሱ ጋር ይቀመጥ ይሆናል። ሜሮን አይደገምምና እርሱ ከጳጳሱ ፊት አይቆምም። በኦርቶዶክስ የተቀባም ቢሆን ያው ነው፤ ካቶሊኮች ያንን ቅባት ይቀበሉታልና። የተከፈተው መጽሐፍ ዛሬ በውሳኔህ ትጸናለህ የሚል ከሆነ፥ ይህ ልጅ የእናቱና የአባቱ ቤተ ክርስቲያን የሰጠችው ማኅተም ባዶ እንደ ሆነ ይማራል። እግዚአብሔር አትሞሃል የሚል ከሆነ ግን፥ እኩዮቹ ነገ የሚቀበሉትን እርሱ አስቀድሞ እንደ ተቀበለ አውቆ ራሱን ቀና ያደርጋል። ለሁለቱ ልጆች በእኩል እውነት የሆነ መጽሐፍ ያ የሚመረጠው ነው። በ2015 የዴንቨር ሊቀ ጳጳሳት ሳሙኤል አኲላ ሜሮን ከመጀመሪያው ቍርባን በፊት በ3ኛ ክፍል ገደማ እንዲሰጥ ስለ ወሰኑ፥ በዚያ ሀገረ ስብከት የወጣቶች ትምህርት የተቀበሉትን ጸጋ የማስተዋል ትምህርት እንዲሆን መንገዱ ተከፍቷል።

ይህን ስንጽፍ የሰውን ቤት ጕድፍ ቈጥረን በራሳችን ልንመካ አይደለም። እኛ በ40ና በ80 ቀን ቀብተን ባለቤቱን አልሳትንም፤ ነገር ግን ተሳቢው ምን እንደ ተቀበለ ሳይነገረው ሲያድግ እናያለን። እነርሱ ትምህርቱን አስቀድመው ጸጋውን አዘገዩ፤ እኛ ጸጋውን አስቀድመን ትምህርቱን ረሳን። ሽማግሌ ሆኖ የተቀባበትን የማያውቅ ሰው በመካከላችን ጥቂት ነውን?

ስለዚህ ለወጣት መጽሐፍ የሚመርጥ ካህን ወይም መምህር፥ ካቶሊክም ቢሆን የእኛ፥ ስለ ሜሮን የሚናገረውን ምዕራፍ አውጥቶ ግሦቹን አንድ በአንድ ይቍጠር፤ በየግሡ ሥር ሠሪው ማን እንደ ሆነ በእርሳስ ይጻፍ። ከመጽሐፉ ጋር አንድ የሚጸልይ ሰው ያቁምለት፤ የካቶሊኮች ሕግ ራሱ ለሜሮን የሚቆመው ዋስ የጥምቀቱ ዋስ የሆነው ቢሆን መልካም ነው የሚለው ሁለቱን ምሥጢራት ለማገናኘት ነውና። የክርስትና አባት በሕይወት ካለ፥ ከፊልሙ አስቀድሞ እርሱ ይጠራ።