ስለ አንድ የሶፍትዌር መመሪያ፤ ከገላፊ ሲመዘን

ራስፕቤሪ ፓይ የሚባለው ኮምፒዩተር መላው አካሉ በአንድ ሰሌዳ ላይ የተሠራ፣ በእጅ መዳፍ የሚያዝ ትንሽ መሣሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በእንግሊዝ አገር ለሽያጭ ከቀረበ ጀምሮ፣ ዋጋው ዝቅተኛ ስለ ሆነና ኤሌክትሪክም ብዙ ስለማይፈጅ፣ ለትምህርት ቤት ተስማሚ ሆኖ ተገኝቷል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ግን መሣሪያውን ሳይሆን፣ አዲስ የሶፍትዌር እትም ሲወጣ እንዴት እንደሚጫን አዘጋጆቹ ያወጡትን መመሪያ ነው። መመሪያም እንደ ማንኛውም ጽሑፍ አንባቢውን በሐሳቡ ይዞ የሚዘጋጅ ስለ ሆነ፣ ማንን አስቦ እንደ ተጻፈ መጠየቅ ተገቢ ነው።

የመመሪያው ፍሬ ነገር አጭር ነው። በአንድ እትም ውስጥ የሚደረጉ እርማቶች በሁለት ትእዛዝ ከኢንተርኔት ይወርዳሉ። ወደ ሌላ ዋና እትም ለመሻገር ግን አዲሱን በሁለተኛ ሚሞሪ ካርድ ላይ መጻፍ፣ ሰነዶችን ከአሮጌው መገልበጥና ካርዱን መለወጥ ይመከራል። ይህን ምክር እኛም እንደግፋለን። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው ቡክዎርም በተባለው እትም፣ የኔትወርኩን ግንኙነት የሚያስተዳድረው ፕሮግራም በሌላ ተተክቷል። ስለዚህ በቀድሞው ፕሮግራም ፋይል የተጻፈው ቋሚ አድራሻ በአዲሱ ዘንድ አይሠራም።

ይህ የሚያስከትለውን ጉዳት ለመረዳት በገላፊ የሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት እናስብ። ገላፊ ከአዋሽ ተነሥቶ በሚሌና በሰመራ በኩል ወደ ጅቡቲ የሚወስደው መንገድ ከኢትዮጵያ የሚወጣበት የጠረፍ ከተማ ናት። መምህሩ ኪዊክስ በሚባለው ፕሮግራም ዊኪፔዲያን ያለ ኢንተርኔት የሚያስነብብ አንድ ፓይ አለው እንበል። ተማሪዎቹ መሣሪያውን የሚያገኙት በቋሚ አድራሻው ነው። አድራሻው ከተለወጠ መሣሪያው ደኅና ሆኖ ሳለ ለክፍሉ ግን እንደ ሞተ ይቈጠራል።

ቅሬታችን የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። መመሪያው ሥራውን ሁሉ በማይቋረጥ ኢንተርኔት ላይ ይመሠርታል። በአገራችን ግን ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት ተዘግቶ ለሳምንታት መቈየቱን ሁላችንም እናስታውሳለን። ከዚህም ሌላ፣ ከፓይ 5 በፊት የነበሩት ሞዴሎች የራሳቸው ሰዓት ስለሌላቸው፣ ኤሌክትሪክ ጠፍቶ ሲመለስ ጊዜውን ከኢንተርኔት ይጠይቃሉ። መልስ ካጡም ወደ ኋላ ቀርተው፣ ትናንት የወጣውን እርማት ቀኑ ገና አልደረሰም ብለው ሊመልሱት ይችላሉ። ቀድሞ የወረደ ፋይልን በካርድ ላይ መጻፍ መቻሉ እውነት ነው፤ ሆኖም ይህ ምርጫ በመጻፊያው ፕሮግራም ዝርዝር መጨረሻ ላይ ተቀምጧል። ለገላፊው መምህር ግን ዋናው መንገድ እርሱ ነው። ሶፍትዌሩ የተመሠረተበት ዴቢያን አፋርኛን ለኢትዮጵያ፣ ለጅቡቲና ለኤርትራ ለይቶ መዝግቧል። ቋንቋውን እስከዚህ ድረስ ያወቀ ሥራ የተናጋሪውን ኑሮም ሊያስብ ይገባው ነበር።

አንዳንድ ጓደኞቻችን ከዚህ ተነሥተው «የሚሠራውን አትንካ» ይላሉ። ይህን ሐሳብ አንቀበልም። አሮጌ እትም ጊዜው ሲያልፍ የደኅንነት እርማት አያገኝም። ፊደላችንም ቢሆን ገና እየተጨመረበት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ለጉራጌኛ አጻጻፍ የሚያገለግሉ ተጨማሪ ፊደላት በዩኒኮድ ተመዝግበዋል። እነዚህን የሚያሳየው የታደሰ ሶፍትዌር ነው። ስለዚህ አለመለወጥም የራሱ ዋጋ አለው።

እንግዲህ መመሪያው በሦስት ነገር ቢሻሻል እንወዳለን። አንደኛ፣ አዲሱ በክፍል ውስጥ እስኪፈተን ድረስ አሮጌው ካርድ እንዳይደመሰስ በግልጽ ያዝዝ። ሁለተኛ፣ ኔትወርክ ባለበት ቦታ፣ ለምሳሌ በሰመራ፣ ፋይሉን አውርዶና ትክክለኛነቱን አረጋግጦ በካርድ መላክ እንደ መደበኛ መንገድ ይጻፍ። ሦስተኛ፣ ጊዜውን መምህሩ ይምረጥ፤ በፈተና ሰሞን የሚደረግ እድሳት፣ ምንም ያህል ቢበጅ፣ የሚያስከፍለው ተማሪውን ነውና። የአንድ እትም መልካምነት የሚለካው በአዲስነቱ ብቻ ሳይሆን፣ ባይሆን ወደ ነበሩበት ለመመለስ በማስቻሉም ጭምር ነው።