ግርግም የሌለበት የገና መዝሙር

በየገናው የምንወደው «ጆይ ቱ ዘ ወርልድ» ቤተ ልሔምን እንደማይጠቅስ አስተውላችኋል? ግርግም፣ እረኞችም ሆኑ ኮከብ የሉበትም። እንግሊዛዊው ሰባኪ አይዛክ ዋትስ በ1719 እ.ኤ.አ. ያሳተመው መዝሙር 98ን ከክርስቶስ አንጻር በማንበብ ነው፤ ትኩረቱም ሊገዛ በሚመጣው ንጉሥ ላይ ነው።

ሦስተኛው አንጓ ግን ከመዝሙር 98 አልተገኘም። ዋትስ የዘፍጥረት 3ን እርግማንና እሾህ አምጥቶ፣ የንጉሡ በረከት ከእርግማኑ ስፋት እንደማያንስ ያውጃል። አንዳንድ የመዝሙር መጻሕፍት ይህን አንጓ ይዘሉታል። እኔም ዝማሬ ስመራ፣ ሰዓት ለመቆጠብ ብዬ ዘልዬዋለሁ። በዚያ ዓመት ልጁን የቀበረ ወንድም ከፊቴ ቆሞ ነበር። የዘለልኩት እርሱን የሚመለከተውን ክፍል እንደ ነበር የገባኝ ቆይቶ ነው።

መዝሙሩ ጉድለትም አለበት፤ ንጉሡ እርግማኑን ያስወገደበትን መስቀል አይናገርም። ገላትያ 3፥13ን ይዞ ይህን መሙላት የሰባኪው ድርሻ ነው።

እንግዲህ ወገኖች፣ ዘንድሮ ስትዘምሩት ሦስተኛውን አንጓ አትዝለሉ። ሐዘንተኛው በልደት በዓል ቦታ የሚያገኘው እዚያ ነው።