መደርደሪያው ላይ ያለችው ካርድ

ሻሸመኔ የመንገዶች መገናኛ ናት፤ የሀዋሳው፣ የባሌው፣ የወላይታው መንገድ በእሷ በኩል ያልፋል። መንገድ ብቻውን ግን መድኃኒት አያደርስም። እኔ የማደንቀው በጤና ጣቢያ የመድኃኒት መጋዘን ውስጥ ያለችውን ቢን ካርድ ነው። የገባው፣ የወጣውና የቀረው በየመስመሩ ይሰፍርባታል። ክምችቱ ከ4 ወር ፍጆታ እንዳይበልጥ፣ ከ2 ወርም እንዳያንስ የምትጠቁም እሷ ናት፤ ሲበዛ የአገልግሎት ጊዜው ያልፍበታል፣ ሲያንስ ታማሚ ባዶ እጁን ይመለሳል።

ካርዷ ግን የምትጠቅመው ሁልጊዜ በትክክል ስትሞላ ነው። ካይዘን በሚባለው የሥራ ማሻሻያ ዘዴ የሥራ ቦታ አያያዝ በአማርኛ 5ቱ «ማ»ዎች ይባላል፦ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። ከሁሉም የምትከብደው የመጨረሻዋ ናት። ዛሬም ነገም ሳይሰለች ካርዷን በትክክል የሚሞላ የመጋዘን ባለሙያ ማዝለቅን በተግባር ያሳየናል፤ ክብር ይገባዋል።