ቀላሉ ያሸንፋል፤ ዕዳውን ግን ማን ይከፍላል?

ስለ ቴክኖሎጂ ሲወራ «ቀላሉ ነገር ይፋዊውን ደረጃ ያሸንፋል» ሲባል ትሰማላችሁ። አባባሉ ብዙ ጊዜ ልክ ነው። ግን የሚነግረን ግማሹን ብቻ ነው። ኢሜይልን እንይ።

እ.ኤ.አ. በ1982 ጆን ፖስቴል ኤስኤምቲፒ የሚባለውን የኢሜይል መላላኪያ ደንብ ጻፈ። ሁለት ኮምፒውተሮች የሚነጋገሩት በጥቂት አጫጭር ትዕዛዞች ነው፦ ሰላምታ፣ ላኪው እገሌ ነው፣ ተቀባዩ እገሌ ነው፣ መልእክቱ ይኸው። በ1984 ደግሞ የየአገሩ የቴሌኮም መሥሪያ ቤቶች የሚሰበሰቡበት ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ኤክስ 400 የተባለ ደረጃ አወጣ። ይሄኛው የተሟላ ነበር፤ መልእክቱ መድረሱን እንኳ ለላኪው ያሳውቃል። አድራሻው ግን አገሩን፣ አስተላላፊውን ድርጅት፣ መሥሪያ ቤቱን፣ የቤተሰብ ስሙንና የራስን ስም አንድ በአንድ ይዘረዝራል። ይህን ማን በቃሉ ይይዛል?

ያሸነፈው ኤስኤምቲፒ ነው። ምክንያቱ የአድራሻው ማጠር ብቻ አይደለም። ሰነዱ በነፃ ይገኝ ስለነበር አንድ ተማሪ ማንንም ሳያስፈቅድ አንብቦ፣ ፕሮግራም ጽፎ ሊሞክረው ይችላል። የኮሚቴው ሰነድ ግን በገንዘብ የሚገዛ ነበር።

ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆማል። እኔ የምተቸውም ይህንኑ ነው። ኤስኤምቲፒ የቀለለው «ላኪው እውነት እሱ ነው ወይ?» ብሎ ስለማይጠይቅም ጭምር ነው። በባንካችን ስም የሚመጣው የማጭበርበሪያ መልእክት የገባው በዚያ በር ነው። ኤስፒኤፍና ዲኪም የሚባሉት ማረጋገጫዎች በ2000ዎቹ የመጡት በሩን ለመጠበቅ ነው። ዕዳውን የከፈሉት ከኋላ የመጡት ናቸው።

ነገሩ እኛም ቤት አለ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ ዛሬ ስልካችን ላይ አለ። ብዙዎቻችን ግን አማርኛን የምንጽፈው በላቲን ፊደል ነው። ስንፍና አይደለም፤ የፊደሉን ኪቦርድ ማንም አላስተማረንም፣ ላቲኑ ግን እጃችን ለምዶታል። ሆኖም «መጣ» እና «መታ» በላቲን ሲጻፉ አንድ ዓይነት ይሆናሉ። አማርኛ ቤት ውስጥ ሲነገር የሰማን እኛ ከአረፍተ ነገሩ እንገምታለን። ከእኛ በኋላ የሚመጣው ልጅስ ጠ እና ተ ሁለት ድምፅ መሆናቸውን ከየት ያውቃል?

በላቲን አትጻፉ አልልም፤ እኔም እጽፋለሁ። ግን ኪቦርዱን ስልካችሁ ላይ ጫኑትና በሳምንት አንድ መልእክት በፊደል ላኩ። ለምሳሌ ለእናታችሁ «መጣሁ» ብላችሁ ጀምሩ።