ሌላ ዓለም ወይስ አዲስ ፍጥረት? «ቫይስ ቨርሳ» የተሰኘው የታይላንድ ድራማ በነገረ ክርስቶስ ሲመዘን

ርዕሱን አይታችሁ ገጹን ለማለፍ ብትቸኩሉ አልፈርድባችሁም። ሁለት ወንዶች የሚፋቀሩበት የታይላንድ ተከታታይ ድራማ በሥነ መለኮት መጽሔት ውስጥ ምን ቦታ አለው? አብዛኞቻችን እንዲህ ያለውን ሥራ «ኃጢአት ነው» ብለን በአንድ ዐረፍተ ነገር እንዘጋዋለን። በዚህ ረገድ ያለኝን አቋም ከዚህ በታች ሳልሸሽግ እናገራለሁ። ነገር ግን በዚያች አንዲት ዐረፍተ ነገር ስንዘጋው ሁለት ነገሮችን ሳንመረምር እናልፋለን፤ ድራማው የሚሰብከውን ስብከትና ያንን ስብከት የሚሰማውን የገዛ ጉባኤያችንን ሰው።

ስብከቱ ይህ ነው፦ የተሰጠህ ሕይወት ባይመችህ፣ በእውነት የምትታወቅበትና የምትወደድበት ሌላ ዓለም አለ። ይህ ስብከት የሚማርከው የዚህን ዓይነት ድራማ ተመልካቾች ብቻ አይደለም። «ሌላ አገር፣ ሌላ ትዳር፣ ሌላ ሰውነት ቢኖረኝ ኖሮ» እያለ ሌሊቱን የሚያነጋ ሁሉ የዚሁ ስብከት አድማጭ ነው። ስለዚህ ድራማውን በጥሞና መመርመር የእረኝነት ሥራችን አካል ነው እላለሁ።

ታሪኩ

«ቫይስ ቨርሳ» በ2022 እ.ኤ.አ. በጂኤምኤም 25 የቴሌቪዥን ጣቢያ በ12 ክፍሎች የተላለፈ ሲሆን፣ የተሠራው በጂኤምኤምቲቪ ነው። መነሻው ጂቲሬን በሚል የብዕር ስም የወጣ ልብ ወለድ ነው። በ2020 ከታይላንድ ውጭ ብዙ ተመልካች ያገኘው «ቱጌዘር» የተባለው ድራማም መነሻው የዚሁ የብዕር ስም ልብ ወለድ ነበር። የ«ቫይስ ቨርሳ» የታይኛ ርዕስ «ዓለም የተቀያየረበት ፍቅር» እንደ ማለት ነው።

ታሌ የፊልም ድርሰት ጸሐፊ ለመሆን የሚጣጣር ወጣት ነው። አንድ ቀን ሲነቃ ራሱን በትይዩ ዓለም፣ ቴስ በተባለ በሌላ ሰው አካል ውስጥ ያገኘዋል። በዙሪያው ያሉት ሁሉ ቴስ ይሉታል፤ ታሌ መሆኑን የሚያውቅ የለም። ፑን ደግሞ በቀደመው ዓለም ታዋቂ ተዋናይ ነበር፤ እርሱም ተሻግሮ ቱን በሚባል ሰው አካል ውስጥ ይኖራል። ሁለቱ ይገናኛሉ። አንዱ ለሌላው ማንነት ምስክር ይሆናል። ወደ መጡበት የሚመልሳቸውን ቁልፍ እየፈለጉ አብረው ድርሰት ይጽፋሉ፣ ይዋደዳሉ፤ በመጨረሻም ወደ ራሳቸው ዓለም ይመለሳሉ።

ሊመሰገን የሚገባው

ሐያሲ ከመፍረዱ በፊት ማድመጥ አለበት። ድራማው አንድ ጥያቄ በትክክል ይጠይቃል፦ ሰው ስሙን፣ ቤተሰቡን፣ ሙያውን ሲያጣ ምን ይቀረዋል? ፑን ፊቱን ሁሉ የሚያውቀው ሰው ነበር፤ በሌላው ዓለም ግን ማንም አያውቀውም። ታሌ በማያውቀው ቤት የቤት ልጅ ተብሎ ይጠራል፤ ፍቅሩ ግን ለእርሱ የታሰበ አይደለም። የሚወደደው ቴስ ነው። በሰዎች መካከል እየኖሩ፣ እየተወደዱም እንኳ፣ አለመታወቅ ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ ድራማው በቀላል መንገድ ያሳያል።

ለመታወቅ መራብ ኃጢአት አይደለም። መዝሙር 139 የሚዘመረው ከዚህ ረሃብ ነው። ጳውሎስም በገላትያ 4፥9 እግዚአብሔርን ማወቃቸውን ጠቅሶ ወዲያው ንግግሩን ያርማል፤ ይልቁን እነርሱ በእግዚአብሔር ታውቀዋል ይላል። በእግዚአብሔር የመታወቅ ነገር የደኅንነት ትምህርታችን እምብርት ነው። ስለዚህ አንድ ወጣት ይህን ድራማ አይቶ ቢያለቅስ፣ እንባው ከየት እንደ መጣ ሳንጠይቅ አንፍረድ።

የበቀለበት አፈር

ታይላንድ ሕዝቧ በአብዛኛው ቡድሂስት የሆነ አገር ናት። ነፍስ ከአንዱ ሕይወት ወደ ሌላው ትሻገራለች፣ የሥራዋም ፍሬ ይከተላታል የሚለው እምነት በታይ የፍቅር ድራማዎች ውስጥ ጥልቅ ሥር አለው። በ2018 አገሩን ሁሉ የማረከውን «ቡፔሳኒዋት» የተባለውን ድራማ አስቡ። የዘመናችን ወጣት ሴት በአደጋ ሞታ በ17ኛው ክፍለ ዘመን በአዩታያ፣ ካራኬድ በተባለች ሴት አካል ውስጥ ትነቃለች። ነገር ግን ካራኬድ በደለኛ ነበረች፤ አዲሷ ነዋሪ የዚያች ሴት ክፉ ስምና የበደሏ ጥላ ይጠብቃታል። በ2019 የጀመረው «አንቲል ዊ ሚት አጌይን» ደግሞ፣ ቤተሰብ ፍቅራቸውን ስለ ከለከላቸው ራሳቸውን ያጠፉ ሁለት ወጣቶች ዳግም ተወልደው ያልሻረ ሐዘናቸውን ተሸክመው ሲገናኙ ይተርካል። በሁለቱም ውስጥ ያለፈው ይከተላል፤ ዕዳ አለ።

«ቫይስ ቨርሳ» ይህን የቆየ ቅርጽ ወስዶ ዕዳውን ያነሣል። ታሌ የሚሻገረው ወዳለፈው ወይም ወደሚመጣው ዘመን ሳይሆን ጎን ለጎን ወዳለ ዓለም ነው። የሚጠይቀው ፍርድ የለም፤ ንስሓም አያስፈልገውም። ከሁሉ ይልቅ ደግሞ የቴስና የቱን ነገር አለ። ሕይወታቸው በሌላ ሰው ተይዟል። እንደ እኔ ንባብ ድራማው ይህን ጥያቄ ከፍቅሩ ጀርባ ያስቀምጠዋል። የእኔ ደስታ የሚገኝበት ሌላ ዓለም የአንድ ሌላ ሰው ቤት ከሆነስ? ባልንጀራን መውደድ የሚለው ትእዛዝ እዚህ ጋ ድምፁን ያሰማል፤ ታሪኩ ግን ቆሞ አይሰማውም።

ሦስት ትይዩ ዓለማት

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። በዚህ ድራማ ዙሪያ ያሉት ትይዩ ዓለማት አንድ ብቻ አይደሉም፤ ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው የታሪኩ ዓለም ነው፤ ስለ እርሱ ተናግረናል።

ሁለተኛው ድራማው የሚመደብበት ዘውግ ራሱ ነው። «የወንዶች ፍቅር» የሚባለው ዘውግ በ1970ዎቹ በጃፓን ሴት ደራሲዎች ለልጃገረዶች ካዘጋጁት የሥዕል መጻሕፍት የተነሣ ነው። ታይላንድ ውስጥም ከአንባቢዎቹና ከተመልካቾቹ ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው። ስለዚህ የሚያሳየው በዋነኛነት የተመልካቹን ምኞት እንጂ እንዲህ ያለ ዝንባሌ ያላቸውን ወንዶች ኑሮ አይደለም። በብዙዎቹ ድራማዎች ቤተሰብም ሕግም ሥራም ፍቅረኞቹን እምብዛም አያስጨንቅም። አገሩ ግን እንዲህ አልነበረም። በታይላንድ የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ በሕግ የተፈቀደው ከጥር 23 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። «ቫይስ ቨርሳ» በታየበት በ2022፣ ታሌና ፑን የተመለሱበት «እውነተኛ» አገር እንኳ ያንን መብት አልሰጠም ነበር። ዘውጉ ራሱ ዋጋ የማይከፈልበት ትይዩ ዓለም ሆኗል።

አቋሜን ልናገር። ቅዱሳት መጻሕፍት ከዘፍጥረት 1 እና 2 አንሥቶ፣ ጌታችንም በማቴዎስ 19 እንዳጸናው፣ ጋብቻ በአንድ ወንድና በአንዲት ሴት መካከል ያለ ኪዳን መሆኑን ያስተምራሉ። ይህ ጽሑፍ ያንን ትምህርት ለማላላት አልተጻፈም። ድራማው የሚያቀርበውን የፍቅር መንገድም ከቃሉ ጋር የሚስማማ አድርጌ አልቀበለውም።

ሦስተኛው ትይዩ ዓለም ግን የእኛ ነው። ከመድረክ ስንናገር እንዲህ ዓይነት ፈተና ያለበት ሰው ባንኮክ ወይም ምዕራባውያን አገሮች ውስጥ ብቻ እንዳለ አድርገን እንናገራለን። ጉባኤውን ለማሳቅ እንቀልድበታለን። በሦስተኛው ረድፍ የተቀመጠው፣ ለማንም ያልተናገረው፣ በጾምና በጸሎት ለዓመታት የታገለው ወጣት አብሮ ይስቃል፤ እንዳይታወቅበት። በእኛ ጉባኤ ውስጥ እርሱ እንደ ታሌ ነው፤ ሁሉ በስሙ ይጠሩታል፣ ማንም አያውቀውም። ይህ ወጣት ወደ ስልኩ ማያ ሲሸሽ፣ ከገፉት እጆች መካከል የእኛም እንዳለበት እንመን።

«ሥጋ ለበሰ» ስንል

ለሴሚናሪ ተማሪዎች ይህ ድራማ ያልታሰበ ትምህርት አለው። የአንዱ አእምሮ በሌላው አካል ውስጥ ሲኖር ማየት፣ በ4ኛው ክፍለ ዘመን ቤተ ክርስቲያንን ያናወጠ ስሕተት በሥዕል ሲቀርብ እንደ ማየት ነው። የሎዶቅያው አፖሊናርዮስ መለኮታዊው ቃል በክርስቶስ ውስጥ የሰውን አእምሮ ቦታ ያዘ ብሎ አስተማረ። በዚህ ትምህርት መሠረት ክርስቶስ የሰው አካል ያለው፣ የሰው አእምሮ ግን የሌለው ይሆናል፤ ታሌ በቴስ አካል ውስጥ እንደ ነበረው ማለት ነው። የናዚያንዙ ጎርጎርዮስ ጌታ የሰውን አእምሮ ካልነሣ አእምሯችን ሳይፈወስ ቀርቷል ብሎ ተከራከረ። በ381 በቁስጥንጥንያ የተሰበሰበው ጉባኤም ትምህርቱን አወገዘ።

እኛስ? «ሥጋ ለበሰ» የሚለው አነጋገራችን መልካምና የቆየ ነው። ሳናብራራው ስንተወው ግን ምእመኑ ሥጋን እንደሚወልቅ ልብስ ሊያስብ ይችላል። ግዕዙ ተጨማሪ ቃል አለው፤ «ተሰብአ»፣ ሰው ሆነ። ጌታ የአንድን ሰው አካል አልተዋሰም፤ የማንንም ቤት አልያዘም። ከማርያም ተወልዶ በናዝሬት አደገ፤ ደከመ፣ ተራበ፣ አለቀሰ። ሳያገባ ኖረ፤ ወዳጆቹ ትተውት ሸሹ፤ ብቸኝነትን ከውስጥ ያውቀዋል። ዕብራውያን 4፥15 በድካማችን ሊራራልን ይችላል የሚለው ጎብኚ ስለ ነበረ ሳይሆን ሰው ስለ ሆነ ነው።

ትንሣኤውም እንዲሁ ነው። በዮሐንስ 20 ለቶማስ የታየው ጌታ አዲስ፣ ጠባሳ የሌለው አካል አልቀየረም፤ ያው የተወጋው አካል ከበረ። በ1ኛ ቆሮንቶስ 15 የሚዘራውና የሚነሣው ግንኙነት አለው። ራእይ 21፥5ም እግዚአብሔር ሁሉን እንደሚያድስ እንጂ ይህን ትቶ ሌላ መጠጊያ እንደሚፈጥር አይናገርም። የወንጌል ተስፋ ሌላ ሰው መሆን አይደለም፤ ያው ሰው መዳኑ ነው። «በዚህች ሌሊት ዓለምህ ተቀየረ» የሚለው ትንቢት ከመድረኮቻችን ሲሰማ ከድራማው ስብከት ምን ያህል እንደሚለይ ራሳችሁ መዝኑ። ማምለጫ የሚሰብክ መድረክ ማምለጫ የሚያሳይ ድራማን ሊወቅስ አፍ የለውም።

ለእረኛው

ነገ አንድ ወጣት ወደ ቢሮአችሁ መጥቶ፣ በሩን ዘግቶ፣ «ፓስተር፣ ይህን ድራማ አየሁት፤ ራሴን አየሁበት» ቢላችሁ ምን ትሉታላችሁ? ሦስት ነገሮችን ላሳስብ።

አስቀድማችሁ ጠይቁት። የትኛው ቦታ ልቡን ነካው? የፍቅሩ ትዕይንት ሳይሆን አንዱ ሌላውን በእውነተኛ ስሙ የጠራበት ጊዜ ሊሆን ይችላል። ረሃቡን ሳታውቁ እንጀራ ልትሰጡት አትችሉም።

ሁለተኛ፣ የነገራችሁን ጠብቁ። ምስጢሩ ለሽማግሌዎች የጸሎት ርዕስ ተብሎ ቢወጣ፣ ያ ወጣት ዳግመኛ በር አያንኳኳም። ቀልዱንም ከመድረኩ አውርዱ። እውነትን መናገርና ሰውን ማዋረድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ሦስተኛውና ከባዱ፣ ቤተሰብ ስጡት። ድራማው ሰው በእውነት የሚታወቀው በፍቅረኛ ብቻ ነው ይላል። ጌታ ግን በማርቆስ 10፥29-30 ስለ እርሱ ቤትን የተወ ሰው ወንድሞችን፣ እኅቶችንና እናቶችን መቶ እጥፍ እንደሚቀበል ተስፋ ሰጥቷል፤ ያውም በሚመጣው ዓለም ሳይሆን አሁን፣ በዚህ ዘመን። የዚህ ተስፋ መፈጸሚያ የእናንተ ጉባኤ ነው። አንድን ወጣት «ራስህን ካድ፣ ሳታገባ ኑር» ብላችሁ ካስተማራችሁት በኋላ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ብቻውን ምሳውን እንዲበላ ከላካችሁት፣ ትምህርታችሁ ቀና ቢሆንም ጌታ ቃል የገባለትን ከልክላችሁታል። ማዕዳችሁ ላይ ቦታ ይኑረው፤ ልጆቻችሁ አጎቴ ይበሉት፤ ሲታመም የሚጠይቀው ይኑር።

ይህን ካላደረግን እርሱ ሌላ ዓለም መፈለጉን አይተውም። ሌላውን ዓለም የሚያሳዩት ደግሞ ከበሩ ውጭ ሳይሆኑ በኪሱ ውስጥ ናቸው።