«ኤስትሬናር»፦ የመጀመሪያው ጊዜ ግስ
በስፓንኛ «ኤስትሬናር» የሚባለው ግስ አንድን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ መጠቀምን የሚገልጽ ሲሆን፣ አዲስ ጫማ ያደረገም፣ አዲስ ቤት የገባም፣ አዲስ ፊልም ለሕዝብ ያሳየም በዚሁ በአንድ ቃል ይነገርለታል፤ ከእሱ የወጣው «ኤስትሬኖ» የተሰኘው ስምም የፊልም ወይም የቴአትር የመጀመሪያ ትርኢት ማለት ነው። ምንጩ «ስትሬና» የሚለው የላቲን ቃል ነው፤ ይህም የጥንት ሮማውያን በአዲስ ዓመት ለመልካም ገድ የሚሰጣጡት ስጦታ ነበር። የቃሉ ውበት እጅግ የሚጎላው ግን በሆሣዕና ዕለት ነው፤ በብዙ የስፔን አካባቢዎች በዚያ ቀን አንድ አዲስ ነገር፣ ካልሲም ቢሆን፣ ማድረግ የቆየ ልማድ በመሆኑ፣ ተራ ልብስ እንኳ በዚህ ግስ አማካይነት የበዓል ማዕርግ ያገኛል። በሽያጭ ማስታወቂያ ላይ «ሲን ኤስትሬናር» ተብሎ የተጻፈበት ዕቃ ደግሞ ገና ማንም ያልተገለገለበት ነው።